በቋንቋ ችሎታ ማነስ

ተኚ ተብላለች። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ጉርጥ አስፋልት ስታሻግር ስላረፈደች፣ ሲመሻሽም ደግማ ስለምትወጣ፣ እሁድ ከሰዓት መንደሩ በሙሉ በሩን ዘግቶ ጸጥ በሚልበት ሰዓት እሷም እንድታርፍ የበጎ ፈቃደኞቹ ቤት ኃላፊ ጉድሩን አዛታለች፤ እንቅልፍ ግን በትእዛዝ አይመጣምና ሳምሪ ጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ተጋድማ የኮርኒሱን እንጨት ትቆጥራለች፣ ትገላበጣለች፣ ተነስታ በመስኮት ታያለች፣ ተመልሳ ትጋደማለች። ዛሬ ደግሞ አንድ ሰዓቷን ወስደውባታል። መንግሥት በዓመት አንድ እሁድ ሰዓቱን ወደፊት ይገፋዋል አለቻት ጉድሩን ቁርስ ላይ፣ ሰውም እሺ ብሎ የግድግዳ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ቦንጋ ቢሆን ይኸ ነገር ስንት ስብሰባ፣ ስንት የአበል ጥያቄ ባስነሳ ነበር። ጀርመን ከመጣች ሃያ ስድስት ቀኗ ነው። የበጎ ፈቃዱ ጊዜ አንድ ወር ነው፣ ዓርብ ትሳፈራለች፣ የሚቀጥለው እሁድ ቦንጋ ናት፣ ነገ ጠዋት ግን ጉድሩን ፎርሙን ትቀበላታለች። ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አንዲት ገጽ፣ የሚጠይቀውም አንድ ስም ብቻ፤ በመኸር ከቦንጋ የሚመጣው ቀጣይ በጎ ፈቃደኛ ማን ይሁን፣ ለምንስ እሱን መረጥሽ። ከማኅበራችሁ ደብዳቤ ይልቅ ያንቺን ቃል እናምናለን ብላታለች ጉድሩን ሐሙስ ዕለት ስትሰጣት፤ ከሐሙስ ወዲህ ሳምሪ እንቅልፍ የሚባል ነገር የላትም።

የሚጻፈውን ስም ታውቀዋለች። ክፋቱም ይኸው ነው፤ ባታውቀው ኖሮ እንደ ሰው ትተኛ ነበር። ኢያሱ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከኋላዋ ይቀመጥ የነበረው፣ ወደ ደን ጥበቃ ማኅበራቸው ከሁሉም ቀድሞ የገባው፣ አንዱን ዛፍ በካፊኖኖም፣ በአማርኛም፣ ፈረንጆቹ በመጽሐፍ በሚጠሩበት ስምም የሚጠራው ኢያሱ። እሷን እዚህ ያደረሳትን የእንግሊዝኛ ማመልከቻ ሁለት ቀን ሙሉ አብሯት ተቀምጦ የጻፈላትም እሱ ነው፣ እሱም እኮ ይወዳደር ነበር፣ ግን የራሱን ጨርሼያለሁ ብሎ ወንበሩን ወደ እሷ ጠጋ አደረገ። ያለፈው እሁድ እራት ላይ ጉድሩን ያንን ማመልከቻ አነሳችና ከዚህ በፊት ከመጡልን ሁሉ እንዲህ ባማረ እንግሊዝኛ የተጻፈ አላነበብኩም አለች፤ ሳምሪ ሾርባዋ ላይ አቀረቀረች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ አመሰግናለሁ አለች።

ጥር ላይ ነው፣ የማኅበሩ ቢሮ ውስጥ ናቸው፣ ሰባት ሆነው። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ፖስተር ከጋሽ ሀብተሥላሴ ራስ በላይ ተለጥፏል፤ ጋሽ ሀብተሥላሴ የማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው፣ የእናቷም ታላቅ ወንድም ናቸው፣ በበዓሉ ዕለት መድረክ ላይ ወጥተው ስለ እኩልነት ሲናገሩ ሰው የሚያስለቅሱ ናቸው። ለመጨረሻ የቀሩት ሁለቱ እጩዎች ሳምሪና ኢያሱ ነበሩ። እጩዎች ይውጡ ተባለ፣ ኢያሱ ወጣ፣ ሳምሪ ቃለ ጉባዔ ያዥ ስለሆነች ቀረች፤ ይኸ ብቻውን የሚያስቅ ነበር፣ የሳቀ ግን የለም። ልጁ ጎበዝ ነው፣ አልካድኩም አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ፤ ግን ነገ ፈረንጆቹ በተራቸው እዚህ ሲመጡ የሚያስተናግዳቸው የሄደው ልጅ ቤተሰብ ነው፣ ያኔ እናቱ ቤት ምሳ ስንጠራ እኛ ምን ልናደርግ ነው? መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። ኢያሱ ማንጆ ነው። ደኑን ከማንም በላይ የሚያውቁት፣ የከተማውን ከሰልና ማገዶ በጀርባቸው የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው፣ ከተማው ግን ከደጅ አሳልፎ አያስገባቸውም፣ አብሯቸውም አይበላም፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ልጅ ካለ ዝም በል ይባላል፣ ልጁም አድጎ ለልጁ ዝም በል ይላል። ታዲያ ምን ብለን እንጻፈው አለ አንዱ ተሰብሳቢ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ወደ እሷ ዞሩ።

"በቋንቋ ችሎታ ማነስ በይው" አሏት።

ጻፈችው። እንዲያውም ያን ዕለት ጽሑፏ አምሮ ነበር። በቋንቋ ችሎታ ማነስ ምክንያት አቶ ኢያሱ ለጊዜው እንዲቆዩ፣ ወይዘሪት ሳምሪ እንዲሄዱ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ኢያሱ ተጠርቶ ገባ፣ እንደ ደንቡ በስብሰባው የተገኘ ሁሉ ይፈርማልና ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ እሱ ጋ ደረሰ፤ እሷ መስኮቱን እያየች ነው፣ ግቢው ውስጥ አንድ ፒካፕ እየታጠበ ነው፣ እስክርቢቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰማችው። ከዚያ ኢያሱ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ይኸን ቃል በዚያ ቤት ቀድሞ ያላት እሱ ነው።

ትገላበጣለች። ጉርጦቹን ታስባለች፤ ዓይኗን ስትጨፍን የሚመጡት እነሱ ናቸው። በዚህ አገር ብርዱ ሲወጣ ጉርጥ ከጫካው ተነስቶ ወደተፈለፈለበት ኩሬ ይሄዳል፣ መሃል ላይ አስፋልት አለ፣ መኪና ይጨፈልቀዋል፤ ስለዚህ በመንገዱ ዳር ጉልበት የማይደርስ የላስቲክ አጥር ይዘረጋል፣ ከአጥሩ ሥር ባልዲ ይቀበራል፣ ጉርጡ አጥሩን ይዞ ሲሄድ ባልዲው ውስጥ ይወድቃል፣ እነሳምሪ ጠዋትና ማታ እየዞሩ ይለቅሙታል፣ ወንዱን ከሴቱ ለይተው ይመዘግቡታል፣ አሻግረው ይለቁታል። ይኸን ሁሉ ለእናቷ ለእትዬ ዘነበች በስልክ ስታስረዳ፣ እናቷ ሰምታ ሰምታ፣ እና ሥራው ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም፣ አለች፤ ለጎረቤት ግን ልጄ የተመደበችው መንገድ ትራንስፖርት ነው ብላ አስወርታለች፣ ይኸን ያህልም ውሸት አይደለም። ሳምሪ መጀመሪያ ሰሞን ጓንት በጓንት ላይ ደርባ ነበር፣ ጉርጥ የነካ ሰው ኪንታሮት ያወጣል ሲባል አድጋለችና። ዛሬ ጠዋት በባዶ እጇ ነው ያነሳቻቸው። ሆዳቸው ቀዝቃዛ ነው፣ መዳፏ ላይ ቁጭ ብለው ይተነፍሳሉ። አንድ ባለመኪና መጣና ባልዲ ይዛ መሃል መንገድ ላይ ሲያያት ቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ጨርሳ እስክትሻገር ጠበቃት፣ እጁን አውለብልቦላት ሄደ። ባልዲውን አስቀምጣ እዚያው መንገዱ ዳር አለቀሰች። ለጉርጥ ይቆማል እኮ፣ ለጉርጥ።

እንዲህ ሆድ የሚብሳት ሰው አልነበረችም። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ቀናት ያሳለፈችው በንዴት ነው። በገባችበት ዕለት ጉድሩን ወጥ ቤቱን ስታስጎበኛት የማቀዝቀዣው አንድ መደርደሪያ ላይ በነጭ ወረቀት ስሟ ተለጥፏል፣ አንድ ኩባያ ላይ ስሟ አለ፣ አንዲት ትንሽ ድስትም ላይ። ይኼ ያንቺ ብቻ ነው አለች ጉድሩን ፈገግ ብላ፤ ሳምሪም ፈገግ አለች። ለዩኝ አለች በልቧ። እዚህም አለ ማለት ነው፣ እዚህ ደግሞ ማንጆዋ እኔ ነኝ፣ ዕቃዬን ለይተው አስቀመጡልኝ። ዐቢይ ጾም እንደያዘች፣ ሥጋም ወተትም እንደማትቀምስ አስቀድማ ያሳወቀቻቸው ራሷ ናት፣ ድስቱ ለዚያ መሆኑ ግን ትዝም አላላት። ምግቧን ክፍሏ ይዛ እየወጣች አልጋው ጠርዝ ላይ ትበላለች፣ ኩባያውን ላለመንካት ከቧንቧ በእፍኟ ትጠጣለች። ለምን ከእኛ ጋር አትበይም ትላታለች ጉድሩን፤ ሳምሪ ግን በልቧ፣ ጉድሩን ይሉኝታ ይዟት ነው፣ እውነቷን ቢሆን ዕቃዬን አትለይም ነበር ትላለች። በዘጠነኛው ቀን ዕቃ የማጠብ ተራ ደረሳት። የጉድሩንን ኩባያ ስትገለብጠው ከሥሩ ጉድሩን ይላል። የሌላውን በጎ ፈቃደኛ፣ የፖላንዱን ልጅ ኩባያ ገለበጠች፣ ስሙ አለ። ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ገለበጠችው። እዚህ ቤት ስም የሌለው ኩባያ የለም፣ የእሷ ጎኑ ላይ የተጻፈው አዲስ ስለሆነች እንዳይጠፋት ብለው ነው። አረፋ በአረፋ በሆነ እጇ አፏን ይዛ ብቻዋን ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ግን፣ ይኸ ሐሳብ እንዴት እንዲህ ቶሎ መጣልኝ አለች፣ ጉድሩን ዕድሜ ልኳን ብታስብ የማይመጣላትን ነገር እኔ ገና በሩን ስገባ እንዴት አወቅሁት።

ጠንቅቃ ስለምታውቀው ነዋ፣ ከዚያኛው ወገን። ቤታቸው ጓሮ አጥሩ ላይ አንድ ጣሳ ይንጠለጠላል፣ ከቤት የማይገባ፣ ከሌላ ዕቃ ጋር የማይታጠብ። ከሰል ተሸክመው የሚመጡት ሰዎች ውሃ ሲለምኑ ጣሳውን ራሳቸው ያወርዱታል፣ ሳምሪ ጆጉን ከፍ አድርጋ ታፈስላቸዋለች፣ ጆጉ ጣሳውን እንዳይነካ። ሰባት ዓመቷ ነው። ጎበዝ ሆናለች፣ ጠብታ አታፈስም፣ እናቷ ለጎረቤት ልጄ ነፍስ አወቀች ትላለች። የሚበላ ከተረፈ በእንሰት ቅጠል ነው የሚሰጣቸው፣ ሲበላ ቅጠሉ ይጣላል። ከእነሱ አንዷ፣ ቀጠን ያለች ሴት፣ በልታ ስትጨርስ ቅጠሉን በአራት አጥፋ አጥሩ ሥር ታስቀምጠው ነበር፣ ግቢያቸው እንዳይቆሽሽ። ያቺ ሴት የኢያሱ እናት መሆኗን ሳምሪ ያወቀችው አሥረኛ ክፍል ሆና ነው፣ አንድ ቅዳሜ ኢያሱ ከሰሉን አግዟት አብሯት መጣ። ውሃውን ማን እንዳፈሰ እሱም አየ። ሰኞ ክፍል ውስጥ ስለ ፊዚክስ የቤት ሥራ አወሩ፣ ሌላ ምንም አላወሩም።

ትናንት ቤት ደውላ ነበር። ስልኩን ያነሱት ጋሽ ሀብተሥላሴ ናቸው፣ እናቷ ቤት ሳሎን ተቀምጠው ሲጠብቋት ነው የዋሉት፤ ስለ ፎርሙ እናቷ ነግራቸዋለች፣ ለእናቷ የነገረቻት ደግሞ ራሷ ሳምሪ ናት፣ አንደበቷ ይቆረጥ። ሔርሜላን አደራ አሏት። ሔርሜላ ልጃቸው ናት፣ ከኮሌጅ ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች ዓመት ሆኗታል፣ ደግ ልጅ ናት፣ ከዛፍ ሁሉ የምታውቀው ባሕር ዛፍን ነው። የማኅበሩ ሥራ ኮንትራትሽም ሚያዝያ ላይ ያልቃል፣ እሱንም እኔ አለሁልሽ አሏት፣ በፍቅር ነው ያሉት፣ ክፉ ሰው አይደሉም፣ አባቷ ሲሞት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ይኸው ነው ነገሩን የሚያከብደው። እሷም እየፈራች የኢያሱን ስም አነሳች። ጋሽ ሀብተሥላሴ ሳቁ፣ ሳቃቸው ብዙ ቆየ።

"ቃለ ጉባዔው እኮ በእጅሽ ነው የተጻፈው። ራስሽን ውሸታም ልታደርጊ ነው?"

ውሸታም፣ ውሸታም፣ ትላለች አሁን፣ አንሶላው እግሯ ላይ ተጠማጥሟል፣ ከታች የግድግዳው ሰዓት አንድ ጊዜ ይመታል። የሔርሜላን ስም ብትጽፍ ማንም ምንም አይላትም። ኮንትራቱ ይታደሳል፣ እናቷ ቤተ ክርስቲያን አንገቷን ቀና አድርጋ ትሄዳለች፣ ኢያሱ እንኳን ደስ ያለሽ ይላታል፣ እሱ ምን ጊዜም ይላል። ከመኝታዋ ብድግ ትላለች። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፣ ሐሳቧ ሳይለወጥ ቶሎ ብላ ስሙን ጻፈችው። ለምን በሚለው ሥር እንግሊዝኛዋ ብዙም አላስቸገራትም፣ እውነት አጭር ናት፤ ባለፈው ጊዜ መምጣት የነበረበት እሱ ነው፣ ማኅበሩ የጻፈው ምክንያት ውሸት ነው፣ ውሸቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማመልከቻዬንም የጻፈልኝ እሱ ነው። ፈረመች። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ አለች። ደረቷ ሰፋ፣ ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ቀሏት አያውቅም፣ ይኸን የምሥራች ለባለቤቱ ሳትነግር ማደር የማይቻል መሰላት፤ እውነቱን ለመናገር ምስጋና አምሯታል። የስልክ ካርዷን ይዛ በካልሲዋ ደረጃውን ወረደች።

ስልኩ ኮሪደር ላይ ነው። ካርዱ ተፍቆ የሚገኘውን ረጅም ቁጥር ትመታለች፣ አንዲት የማሽን ሴት በጀርመንኛ ስንት ደቂቃ እንደቀራት ትነግራታለች፣ ከዚያ የአገሩ ቁጥር፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ይጠራል። ኢያሱ እሁድ እሁድ ከጸሎት በኋላ ከተማ ይቆያል፣ እነሱ መንደር ኔትወርክ የለም። አነሳው። ጉርጦቹ ተሻገሩ ወይ አላት፣ ወሬው እሱም ጋ ደርሷል። እሷ ሳትተነፍስ ሁሉንም አፈሰሰችው፤ ስምህን ጽፌያለሁ፣ ያንን ነገር ውሸት ነው ብያለሁ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ ብያለሁ፣ ይቅር በለኝ።

"አውቃለሁ" አለ። "አንብቤ ነው የፈረምኩት። የእጅሽን ጽሑፍ መቼ አጣሁት።"

"ታዲያ ለምን ፈረምክ?"

"ባልፈርም ይሰርዙት ነበር?"

ከጀርባው የባጃጅ ጡሩንባ ይሰማል፣ ሰው በካፊኖኖ ይጣራል፣ እሷ የኮሪደሩን ግድግዳ በጥፍሯ ትፍቃለች። አመሰግናለሁ እስኪላት እየጠበቀች ነው። ኢያሱ ግን ቀጠለ።

"ሳምሪ፣ እኔ እዚያ ከመጣሁ፣ በጋ ላይ እነሱ እዚህ ይመጣሉ። እናቴ ታበስላለች። ፈረንጆቹ ቤታችን ገብተው ሲበሉ የማኅበሩ ሰው ሁሉ ከደጅ ቆሞ ሊያይ ነው። እንዲህ ከሆነ እኔ አልሄድም። አንድ ሰው ቀድሞ ይግባ። እሁድ ስትደርሺ እናቴ ቤት ገብተሽ ትበያለሽ?"

"ጾም ነው እኮ" አለች።

ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። ያኔ ጽሑፏ እንዳማረ ዛሬም ምላሷ አልተንተባተበም። የማሽኗ ሴት መሃል ገብታ አንድ ነገር አለች፣ ሄደች። ኢያሱ አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

"ጎደሬ ነው የምትቀቅለው" አለ ቀስ ብሎ። "ጎደሬ የጾም ነው።"

በኀፍረት ውሃ ሆነች። ያ ሁሉ ዘጠኝ ቀን ባልተደረገባት ነገር ተንገብግባለች፣ ለጉርጥ አልቅሳለች፣ በእንግሊዝኛ ራሷን ውሸታም ብላ ፈርማለች፣ ለማያውቋት ሰዎች፣ በማያውቋት አገር፤ አሁን ግን አንዲት ሴት ጎጆ ገብታ ጎደሬ ስትቀበል ራሷን በዓይነ ኅሊናዋ ብታይ ጉሮሮዋ ይዘጋል፣ አእምሮዋ ያልከለከላትን ጉሮሮዋ ይከለክላታል፣ ስንት ዓመት ነው ጉሮሮዬን ያስተማሩት አለች፣ ማን ነው ያስተማረው፣ እኔው ነኝ፣ በጆግ። ኢያሱ አልዘጋም። ይጠብቃል። ስብሰባው ላይ ኮሪደር ቆሞ እንደጠበቀ ይጠብቃል።

"እበላለሁ" አለች።

"ለእኔ ምን ያደርጋል። ለእናትሽ ንገሪያት።"

ሲዘጋ አልሰማችም። መነጋገሪያውን እንደያዘች ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ አለች። ነገ ልደውል ትላለች፣ ስደርስ ፊት ለፊት ልንገራት ትላለች፣ ስትደርስ ግን ጋሽ ሀብተሥላሴ መናኸሪያ እንደሚቀበሏት፣ ሻንጣዋን እንደሚይዙላት፣ እናቷ እንደምታለቅስ፣ ጎረቤት እንደሚሰበሰብ፣ እሁድም እንደሚያልፍ ታውቃለች፤ ራሷን በደንብ አውቃለች አሁን። ቁጥሩን መታች። እናቷ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች፣ ስልኩ አጠገብ ነው የምትውለው፣ ቀን ቆጠራ ላይ ናት፤ እሁድ ምሳ ሽሮውን፣ ተልባውን፣ ሱፍ ፍትፍቱን አዘጋጃለሁ፣ ጋሼም ይመጣሉ፣ ሔርሜላም ትመጣለች፣ ብርዱ አልጎዳሽም ወይ፣ እነዚያን ነገሮች በእጅሽ እንዳትነኪ።

"እማዬ፣ እሁድ ምሳ አትጠብቂኝ። እነኢያሱ ቤት ነው የምበላው። እናቱ ጋ።"

የትኛው ኢያሱ አለች እናቷ፣ ድምፅዋ ግን አውቋል። ሳምሪ ከሰል የምታመጣልን ብላ ጀመረችና ቆመች፤ ሃያ ዓመት ጓሯቸው የተመላለሰችውን ሴት ስም አታውቀውም። አጥሩ ላይ ያለውን ጣሳ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው አለች፣ በአንቱታ፣ ስለ እሳቸው በአንቱታ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። መስመሩ አልተቆረጠም፣ የሳሎኑ ሬዲዮ ይሰማታል፣ የእናቷ ትንፋሽ ይሰማታል፤ ሳምሪ ቀልጄ ነው ልትል አፏን ከፍታ ዘጋችው።

"ይኼን ልትነግሪኝ ነው ጀርመን ድረስ የሄድሽው?" አለች እትዬ ዘነበች።

"መሰለኝ፣ እማዬ።"